የምስጡ ጥናት

ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ አሶሳ ያለው የግብርና ቢሯችን ወንበር እንኳ አልተሟላለትም። ባለመስታወት ቁምሳጥን ግን ነበረው። አቤት የኛ ነገር! ባለሙያው በየሳጥኑ ላይ ተቀምጦ እየሠራ ኃላፊያችን ቁምሳጥን አስገዛ። ቁልፉንም ኪሱ ከቶ ይዞት ይዞር ነበር።

የተቆለፈው የምስጥ ጥናት ነው። ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የአንድ በርታ ሽማግሌ ማሳ ላይ ኩይሳ ሲቆፍሩ ከርመው ነበር። መፍትሔው ሲገኝ ይነገርዎታል ተብለው ማሳቸውን የለቀቁላቸው ሽማግሌው ናቸው። ጥናቱ ተጠርዞ ሲመጣ ግን ኃላፊው «ለውስጥ አገልግሎት ብቻ» የሚል ማኅተም መትቶ ቆለፈበት።

ሽማግሌው ዝናብ ሳይገባ መጡ። ባለፈው ዓመት በቆሏቸውን ምስጥ ጥሎባቸዋል፤ ዘንድሮም ከደገመ ቤቱ ጦሙን ማደሩ ነው። ኃላፊው ከወረዳ ደብዳቤ ያምጡ አላቸው። ሲያመጡ ደግሞ ቅጂው አንድ ነው፣ ይጠፋል አለ። እኔ አንብቤ ልንገራቸው ስለው ገላመጠኝ። እሱ እንደሆነ ሽፋኑንም ገልጦ አያውቅም። ሽማግሌው እንደፈረደባቸው ዘሩ።

በቆሎው እሸት ሲይዝ እንግዶች መጡ፤ የምርምር ውጤት ለሕዝብ ክፍት የሚሆንበትን አገራዊ ስትራቴጂ ይዘው። የኛው ቆላፊ ክራቫት አስሮ ስለ ክፍትነት ሲደሰኩር እኔ አፈርኩለት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ይኼኛው ጭራሽ ለጅቡ በር የሚከፍት ነበር። ሽማግሌው ገበሬውን ወክለው ተጠርተው ከኋላ ተቀምጠዋል።

ጥናቱን ለእንግዶቹ ሊያሳይ ቁምሳጥኑን ከፈተ። ጥራዙን ብድግ ሲያደርገው ሽፋኑ እጁ ላይ ቀረ፤ ውስጡ አፈር ሆኗል። አሶሳ ውስጥ እንጨት ነገር ከጭቃ ግድግዳ ጋር አጣብቆ የሚያቆም እሱ ብቻ ነው፤ እኛ ሳጥናችንን እንኳ ድንጋይ ላይ ነው የምናስቀምጠው። ምስጡ ከግድግዳው ወጥቶ በጀርባ በኩል ገብቶለታል።

ሽማግሌው ተነሡ። «እኔ እርሻ ቆፈሩ፣» አሉ በሚቸግራቸው አማርኛ፣ «እዚያ ውስጥ ምን ይላል ነበር?»

 ያነበበ ሰው አልነበረም። ኃላፊው ባዶውን ሽፋን መልሶ አስገብቶ ቆለፈበት፤ ቁልፉንም ኪሱ ከተተ። ሽማግሌውም ዘንድሮም ምስጥ የጣለውን በቆሏቸውን ሊለቅሙ ሄዱ።