ባዶው እጄ

እንጅባራ ያሰሩን ቤት ቀድሞ የድንች መጋዘን ነበር። የበሰበሰ ድንች ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል። ያስያዘኝ በመምህራን ስብሰባ ላይ "ተማሪዎቻችን ለምን ይታፈሳሉ?" ብዬ መጠየቄ ነው። ክስ የለም። ክስ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የምከራከረው ነገር አገኝ ነበር።

ያንገበገበኝ ግን መታሰሬ አይደለም። የአራት ዓመት ልጅ ነበረችኝ። እናቷ ሠርጋችንን ሳንደግስ በወሊድ ሞተችብኝ፤ ልጄን ከእህቴ ጋር አሳደግኋት። በተያዝኩ ማግስት የእናቷ ወንድም ከዳንግላ መጥቶ ከእህቴ እጅ ነጥቆ ወሰዳት። አስመልሱልኝ ብዬ መርማሪውን ለመንኩት።

"እናቷን አግብተሃታል?" አለኝ።

"አልደረስንም።"

"እንግዲያው የምን ልጅ ነው የምታወራልኝ?" ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። ሕጉ እንኳ ልጄ ናት ብሎ የተቀበላትን ሰው አባት ይለዋል። ለማን ይነገራል?

አንድ እሑድ አጎትየው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። በእኛ አገር ድንጋይ የተሸከመ ሰው ይቅርታ ለማኝ ነው። የተበደለው ተነሥቶ ካላወረደለት ቀና አይልም፤ አላወርድም ያለም በሰው ዘንድ ይጠላል። ተጸጽቶ መስሎኝ ልቤ ራራ።

"መምህር፣ ልጅቱን መርቀህ ስጠው" አሉኝ ታላቁ ሽማግሌ። "የእህቱ ማስታወሻ ናት። አንተ እንደሆነ መቼ እንደምትወጣ አይታወቅም። ደግሞስ ጋብቻ መች ነበራችሁ?"

ደሜ ፈላ። ለካ የይቅርታውን ድንጋይ ልጅ መንጠቂያ አድርጎታል። የእህቱ ሐዘን ይገባኛል፤ እኔንም የጎዳኝ ሐዘን ነው። ግን ኩፍኝ ሲይዛት ታቅፌያት ያደርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ስለ ጋብቻ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በቁስሌ እንጨት ሰደዱበት።

ተነሣሁና ድንጋዩን ከአንገቱ አወረድኩለት። ሽማግሌዎቹ "ተመስገን" ማለት ሲጀምሩ የራሴ አንገት ላይ ጭኜ ፊቱ ተንበረከክሁ።

"ልጄን ስለወሰድክብኝ ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። "አሁን ደግሞ እኔ ልለምንህ። ልጄን መልስልኝ።"

ከነድንጋዩ ወደ ታላቁ ሽማግሌ ዞርኩ።

"አባቴ፣ እርስዎ ይፍረዱ" አልኳቸው ሽማግሌውን። "አሁን እምቢ ባይ ማነው?"

"በገዛ እጃችን ነው ያመጣነው" አሉ ሽማግሌው፤ ወደ አጎትየው ዞረው፣ "አውርድለት።"

እያለቀሰ አወረደልኝ። በሳምንቱ ልጄ ወደ እህቴ ቤት ተመለሰች። እኔም ከወራት በኋላ "በስሕተት ነው" ተብዬ ተፈታሁ።

ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ጠዋት ጠዋት እጇን ይዤ አደርሳታለሁ። ከአጎቷ ጋር ታርቀናል፤ በበዓል እየመጣ ያያታል። በር ሲዘጉብኝ የነበሩትን ጠባቂዎች እንኳ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም እላለሁ፤ ታዘው ነው። በቀደም ግን ያ መርማሪ ገበያ መሐል ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። አንዱ እጄ የልጄን እጅ ይዟል። ባዶውን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።