ከሙሴው ጋር የተቆራኘሁበት ቀን

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። በዚያ ዘመን አራዳ ውስጥ ባል የሌላት ሴት ቁጣም ከሌላት ምን ይጠብቃታል? እንጀራዬ አንዲት የእጅ ስፌት መኪና ነበረች። ስትበላሽብኝ ከጊዮርጊስ በታች ሱቅ ለነበረው፣ ሰዓትና መኪና ለሚጠግን፣ «ሙሴ» እያልን ለምንጠራው ፈረንጅ ሰጠኋት። ልወስዳት ስመለስ ዝገት የበላት ሌላ መኪና አቀረበልኝ። የኔዋ ከኋላው መደርደሪያው ላይ ተቀምጣለች! እንጨቷን አንድ ቀን በካውያ አቃጥዬው ስለነበር ጠባሳዋን ከሩቅ ለየሁት።

«የኔ ናት፤ ከፈለግሽ ክሰሺ» አለኝ ጥርት ባለ አማርኛ። ሃያ ዓመት አብሮን ኖሯል።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ። ይህን የሰማ እንኳን ባለሱቅ መኳንንትም ይቆማል። እሱም ቆመ። የነጠላዬን ጫፍ ከኮቱ ጫፍ ጋር ቋጠርኩና፣ እንደ ደንባችን ፍርድ እስክናገኝ ላንለያይ ተቆራኝተን፣ ወደ አራዳው ዳኛ ሄድን። ገበያተኛው ሳቀብን። «ሙሽሮቹ መጡ!» ያለም ነበር።

ዳኛው ነገሬን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ሙሴው በሌጋሲዮን፣ በውጭ መንግሥት ወኪል ቤት፣ ጥበቃ ሥር ነው። ቆንሲሉ ከጎኔ ካልተቀመጠ ልፈርድበት አልችልም። መንግሥታችን ከፈረንጆቹ ጋር የተዋዋለው ውል እንዲያ ይላል።»

«በማን አገር ነው ያለነው፣ ጌታዬ?»

«እሱን እኔም እጠይቃለሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሉዓላዊነት የሚለውን ቃል ጋዜጣ ላይ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጸሐፊው ለማስረዳት ብዙ ደክሟል። እኔ ግን የአንድ ሽማግሌ ዳኛ ድምፅ ዝቅ ሲል ሰምቼ ነበር።

ቋጠሮውን አልፈታሁም። ሌጋሲዮኑ ድረስ አንድ ሰዓት የሚያስኬደውን ዳገት እንደተቆራኘን ወጣነው። የበሩ ዘበኛ ያገራችን ሰው ነው። «ቆንሲሉ ለአደን አዋሽ ወርደዋል፤ በዚህ ወር አይመለሱም» አለን። «ሙሴ ይግቡ። አንቺ ግን ፈትተሽው ተመለሺ፤ ከዚህ በር ወዲያ የነሱ አገር ነው።»

«እንግዲያው ከበሩ ወዲህ እንቀመጣለን» ብዬ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። ኮቱ ሳበውና እሱም ተቀመጠ። ብዙ ቆየን። የያዝኩትን ቆሎ አካፈልኩት።

«ይህ በሩ ላይ የተሰቀለው ባንዲራ የኔ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ያደግኩበት ከተማ ተቃጥሏል። አገር የለኝም። እነዚህ የጥበቃ ወረቀት ሰጡኝ። ያለነሱ ፈቃድ ብዳኝ ከመዝገባቸው ይፍቁኛል። ያን ጊዜ ወደ ማን እጮኻለሁ?»

አንጀቴን በላው። ግን መኪናዬን አልረሳሁም።

«ታዲያ መኪናዬን ለምን ወሰድክ?»

«ማንም እንደማይፈርድብኝ ስለማውቅ» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። ቀጥሎ «ልመልስልሽና ይብቃን፤ ፍቺኝ» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እጄ ወደ ቋጠሮው ሄዶ ነበር። በማግስቱ የምሰፋው ልብስ ይጠብቀኛል፤ ቤት ውስጥ የሚበላ የለም። ግን ነገ ሌላዋን ሴት እንዲሁ ቢያደርጋትስ? «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» አልኩት። «በችሮታህ አልወስዳትም። በዳኛ ፊት ነው የምወስዳት።»

በሩን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ተነሣና ፊቱን ወደ ከተማው አዞረ። ዳገቱን ስንወርድ «አንቺ የምትጮኺላቸው ዳኛ አሉሽ፤ እኔንም እሳቸው ይዳኙኝ» አለኝ።

«በፈቃዴ መጥቻለሁ፤ ይፍረዱብኝ» አላቸው ዳኛውን። እሳቸው በምስክር ፊት ሁለት ጊዜ አስደገሙት። መኪናዋን አስመጡ፤ ካውያዬንም ከቤቴ አስመጥተው ከጠባሳው ላይ አኖሩት፤ ልክክ አለ። ፈረዱልኝ፤ ቋጠሮውንም በገዛ እጃቸው ፈቱት።

ውጭ ጎረቤቶቼ እልል አሉ። እሱ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

«ሌጋሲዮኑ ሲሰማ ይፍቀኛል» አለኝ። «ከእንግዲህ የማን አገር ሰው ነኝ?»

«የፈረደብህ አገር ሰው ነሃ!» አልኩና እስከ ቤቴ መኪናዋን አሸከምኩት።