የአቅኚው ድንጋይ

ዛሬም ድረስ የሚያበግነኝ ያ ካሴት ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የጎደለው እኔ የፈለግሁት ብቻ ነው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው፤ መሐል ሜዳ አስተምር ነበር። በመንዝ ድሮ መሬት የሚጠራው በአቅኚ አባት፣ ጫካውን መንጥሮ መጀመሪያ በሰፈረው ሰው ነበር። ርስት ፈላጊ ዳኛ ፊት ቆሞ ትውልዱን እስከዚያ አባት ይቆጥራል። መሬት የመንግሥት ሲሆን ሙግቱም ቆጠራውም ቀረ። ሀገሩ የሚጠራው በእኛ አቅኚ ስም ነው፤ ከየት ተነሥቶ፣ ማንን አስከትሎ እንደመጣ የሚያውቁት ግን የእናቴ ታላቅ ወንድም ብቻ ነበሩ። እሳቸውም አርጅተዋል። እኔ ደግሞ እዚያው መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ አጠገብ፣ አቅኚው መጀመሪያ ባረፈበት ቦታ፣ ታሪኩ የተጻፈበት ድንጋይ ላቆም ቆርጫለሁ።

ቴፕ ይዤ ሄድኩ።

«አጎቴ፣ እስከ አቅኚው ይቁጠሩልኝ፤ ልቅዳው።»

«ማን ቀማኝና?»

«ማንም አልቀማዎትም።»

«ታዲያ ባላጋራ ሳይኖር ትውልድ ይቆጠራል? አብደሃል?»

በየቅዳሜው እየሄድኩ ለመንኳቸው። ስኳር ወሰድኩ፤ ስኳሩን ተቀበሉ፣ ትውልዱን ግን አልቆጠሩም። እኚህ ሰው ሞተው ታሪኩ አብሯቸው ሊቀበር ነው እያልኩ እበሳጫለሁ፤ እሳቸው ስለ ገብሱ ውርጭ ያወሩልኛል።

በመጨረሻ ባላጋራ ከፈለጉማ እኔው እሆናለሁ አልኩ። ቴፑን መደቡ ላይ ከፍቼ፣ «ለነገሩ ምድሩን ያቀናው በአባቴ ወገን ያለው ሰው ነው፤ የእናንተ አባት ኋላ የመጣ መጤ ነው ይባላል» አልኳቸው።

ዘለው ተነሡ። በርኖሳቸውን ወረወሩ፣ ጋቢያቸውን አደገደጉ፣ ዱላቸውን ጨበጡ።

«በላ ልበልሃ!» አሉ፣ እንደ ድሮው ዳኛ ፊት እንደቆመ ተሟጋች።

አይ አንደበት! እኔ «ውሸት!» ባልኩ ቁጥር አንድ ትውልድ ወደ ላይ ይወጣሉ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ እጮሃለሁ። የአቅኚው የልጅ ልጅ ላይ ሲደርሱ በሩ ተበረገደ፤ ጎረቤቶች ጩኸት ሰምተው ከእርሻ ሮጠው መጡ።

«አጎትና የእህት ልጅ በርስት ትጣላላችሁ? ርስት በሌለበት ዘመን!»

«ተዉን እባካችሁ! ታሪክ እየቀዳሁ ነው!» አልኩ።

ማን ሊሰማኝ! አንዱ ዱላውን ቀማቸው፣ ሌላው እኔን ጎትቶ አወጣኝ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ታላቁን የደፈርኩ እኔ ነኝና አንገቴ ላይ ድንጋይ አሸክመው ይቅርታ አስጠየቁኝ። አጎቴ አለቀሱ። «ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ» ብለው አቅፈው ሳሙኝ። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ግን ከንዴት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለስኩ። «አጎቴ፣ ያችን የቀረችውን፣ የአቅኚውን አመጣጥ ብቻ።»

እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ታርቀናል እኮ። እርቅ አፍርስ ነው የምትለኝ?»

ክረምቱን አልተሻገሩም።

ለአቅኚው የቆመ ድንጋይ የለም። እኔ የተሸከምኩት ግን እስካሁን ከደጃቸው አለ፤ የእርቅ ድንጋይ ነው ብሎ ማንም አያነሣውም። አቅኚው እንዴት እንደመጣ የሚነግራችሁ ሰው በዚያ ሀገር አታገኙም። እኔ በርስት ከአጎቴ ጋር ተጣልቼ ድንጋይ እንደተሸከምኩ ግን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፤ ድንጋዩንም ያሳያችኋል።