መንጃ ፈቃድ ለሌለው ንፋስ የለም

ቁስሏ በሚጣ ቀኝ እግር ላይ ነበረች፤ ከባቷ በውስጥ በኩል። የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ፣ ጠርዟ የቀላ፣ መሐሏ የገረጣ። ሌላ ሰው ቢያያት «ልጅ አይደለች፣ ምድጃ ነክቷት ይሆናል» ብሎ ያልፋታል። የሚጣ አባት ግን ጎሚስታ ነው። ጎማ የሚፈታ ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ስለሚውል ዓለምን ከጉልበት በታች ነው የሚያውቃት፤ ፊታቸው የጠፋበትን ደንበኞች በጫማቸው ይለያቸዋል። ሞተር ላይ ከኋላ ተፈናጥጠው የመጡ ሰዎች ሲወርዱ የጋለው የጭስ ማውጫ የሚያትምባቸውን ምልክት እልፍ ጊዜ አይቷል። ቀኝ እግር፣ ከባት በውስጥ በኩል፣ ክብ።

«ምን ነካሽ?» አላት።

«ምድጃ» አለች ሚጣ፣ ካልሲዋን ሽቅብ እየጎተተች።

«ምድጃው ስንት ጎማ አለው?»

ሚጣ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ሳቋ እንዳሳበቀባት ገባትና አፏን በመዳፏ ያዘች። አባቷ አልሳቀም። 

ቤታቸውም ሱቁም አውራ ጎዳናው ዳር ናቸው። ከፊት ለፊት የቆርቆሮ ክፍል፣ እስከ ጣሪያው የተደረደረ አሮጌ ጎማ፣ ሲነሳ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ ኮምፕሬሰር፣ የተበሳ ጎማ የሚነከርበት የተቆረጠ በርሜል፤ ከኋላ ደግሞ ሁለት ክፍል ቤት። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ ከሰል ይመስላል። የውስጥ ጎማ ነፍቶ ሲያጠልቅበት ግን ቀዳዳዋ ካለችበት ቦታ የአረፋ ዘለላ ብልጭ ይላል፤ በዚያ ጥቁር ውኃ ውስጥ እንዲያ ያለ ብርሃን መኖሩ ጎሚስታውን እስካሁን ያስገርመዋል። ሥራውን የሚወደው ለዚህ ነው። ደንበኞቹን ግን ከተጠየፋቸው ቆይቷል።

ሁሉንም አይደለም። የጭነት መኪና ሹፌሮችን ይወዳቸዋል፤ አውቶቡሶቹንም ይችላቸዋል። የሚያንገፈግፉት እነዚያ የሞተር ጎረምሶች ናቸው። ታርጋቸውን ማንም እንዳያነበው ወደ ላይ ያጥፉታል። ሄልሜታቸውን ክርናቸው ላይ ያጠልቁታል፤ ክርናቸው ከጭንቅላታቸው የተሻለ ነገር የያዘ ይመስል። ሰፊውን መንገድ ሲያገኙ በሆዳቸው ተኝተው ይለቁታል፤ ድምፃቸው ካለፉ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሱቁ በር ላይ ሲቆሙ ይተፋሉ፤ ምራቃቸውም እንደነሱ የት እንደሚያርፍ ግድ የለውም።

አንድ ቀን ከእነሱ አንዱ የኋላ ጎማው ተንፍሶበት መጣ። ጎሚስታው ጎማውን ሲፈታ ሰንሰለቱ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ አገኘ። ስቦ ስቦ አወጣው። የሴት ሻርፕ ነው፤ ሐምራዊ፣ ጫፉ በእጅ የተሠራ፤ ግማሹ የለም።

«የማን ነው ይሄ?»

«እኔ ምን አውቄ?» አለ ጎረምሳው፣ ማስቲካውን እያኘከ። «መንገድ መሐል ምን ትሠራለች? ቶሎ በል ጋሼ፣ ቸኩያለሁ።»

ጎሚስታው አፉ ውስጥ ያለው ምራቅ መረረው። ሻርፑን ይዞ ወደ መንገዱ ሄዶ፣ መኪና የቆመበት ወይም ሰው የተሰበሰበበት ቦታ እንዳለ አየ። ምንም የለም። ሴትየዋ ትትረፍ፣ አትትረፍ ዛሬም ድረስ አያውቅም። በማግሥቱ ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ፦ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ንፋስ የለም። ከዚያ ወዲህ ሞተረኛ ሲመጣ መጀመሪያ የመነሻ ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ይከታል፤ ጎማውን ከጠገነ በኋላም ፈቃዱን ሳያይ ቁልፉን አይመልስም። ጎረምሶቹ «ትራፊኩ» የሚል ስም አወጡለት። ሚስቱም «ደንበኛ እያባረርክ ጎማ ታቅፈህ ልትቀር ነው» አለችው። ቦርዱን ግን አላወረደውም።

አሁን ግን የቁስሏን ነገር ይዞ ጓዳ ገባ።

«ልጄን ማን ነው ሞተር ላይ የሚጭናት?»

ሚስቱ የሚጣን የትምህርት ቤት ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አላቆመችም። «አጎቷ ነዋ። ሌላ ማን ይጭናታል?»

አጎቷ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሰፈሩ «ጀት» ይለዋል፤ እሱም ስሙን እንደ ማዕረግ ነው የሚቀበለው። መንጃ ፈቃድ የለውም።

«አብደሻል እንዴ?»

«ያላበድኩትማ ለዚህ ነው!» አለች፣ አሁን ካውያውን አስቀምጣ። «ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። በእግሯ ስትሻገር እነዚያ እብዶች ይበሏታል ብዬ ነው። ከወንድሜ ጋር ትሂድ ብል ምን አጠፋሁ?»

ጎሚስታው ደነገጠ። ከእብዶች ለማዳን ብላ ከእብዶቹ ሁሉ ቁንጮ ጀርባ ላይ ታስቀምጣታለች! ይህን የምትለው ደግሞ ከልቧ ነው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሱቁ ገብቶ መፍቻውን አነሳ፤ አስቀመጠው፤ መልሶ አነሳው።

ጠዋት ጀት ሚጣን ሊወስድ ሲመጣ ሞተሩን እየገፋ ነበር። የኋላ ጎማው መሬት ላይ ተኝቷል።

«ጋሼ፣ ሚስማር ሳይሆን አይቀርም። ቶሎ ብለህ ለጥፍልኝ፣ ልጅቷ ታረፍዳለች።»

ጎሚስታው ቁልፉን እንደ ልማዱ ኪሱ ከተተ። ፈታ፣ ነፋ፣ በርሜሉ ውስጥ አጠለቀ። አረፋው ብቅ አለ። ለጠፈ፣ መለሰ፣ ንፋስ ሞላ። ሚጣ ቦርሳዋን አዝላ ከእናቷ ጋር ደጃፍ ቆማለች። ተራ የሚጠብቅ አንድ ወፍራም የጭነት መኪና ሹፌርና የሱቁን በር እንደ ቤታቸው የሚቆጥሩ የጀት ጓደኞችም ነበሩ።

«ቁልፍ» አለ ጀት፣ እጁን ዘርግቶ።

«ፈቃድ» አለ ጎሚስታው።

«እኔንም? ዘመድ አይደለሁ እንዴ!»

«ለዘመድማ ይብሳል።»

ጓደኞቹ ሳቁ። ጀት ወደ እነሱ ዞር ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። «ፈተናውን ታውቀዋለህ ጋሼ? ስምንት ቁጥር ዙር ይሉሃል። ቀስ ብለህ፣ እግርህ መሬት ሳይነካ። የሕፃን ጨዋታ እኮ ነው! እኔ ለእሱ ልሰለፍ?»

«እንግዲያው የሕፃኑን ጨዋታ እዚህ አሳየን» አለ ጎሚስታው። ሁለት የከባድ መኪና ጎማ እያንከባለለ አምጥቶ ደጃፉ ላይ አራርቆ አጋደማቸው። «እነዚህን እግርህ መሬት ሳይነካ በስምንት ቁጥር ዙራቸውና ቦርዱን ራሴ አወርደዋለሁ። ሚጣንም ውሰዳት። ካቃተህ ግን ልጄ ሁለተኛ ካንተ ኋላ አትቀመጥም።»

«ተው እንጂ ሰውዬ፣ በሰው ፊት አታዋርደው» አለች ሚስቱ።

«እንዴት ይዋረዳል? የሕፃን ጨዋታ ነው አለ እኮ!» አለ ወፍራሙ ሹፌር፣ ደስ ብሎት እየተደላደለ።

ጀት ቁልፉን ተቀብሎ አስነሳ። አንደኛውን ጎማ ግማሽ እንደዞረ ሞተሩ ተንገዳገደ፤ እግሩ ወረደ።

«ነካ!» አለ ሹፌሩ።

«ጠጠር ነው ያዳለጠኝ።» መልሶ ጀመረ። አሁን ደግሞ ቀስ ሲል ሞተሩ ጠፋበት። ከጓደኞቹ አንዱ «ጀት፣ ነዳጅ ጨርሰህ አረፍክ?» አለው። የጀት አንገት ቀላ። አስነስቶ በቁጣ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ዘለለ፤ የፊት ጎማው ከተጋደመው ጎማ ጋር ተላተመና ባለቤቱን ወደ ጎን አሽቀነጠረው። ጀት በሩ ጥግ ያለው በርሜል ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ። ጥቁሩ ውኃ ተነስቶ ሰው ሁሉ ላይ ተረጨ፤ ሳቁም አብሮ ተረጨ።

ሚጣ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗን አፍጥጣ፣ ማንም ያልነገራትን ነገር ያገኘች መሰለች።

«አጎቴ» አለች፣ «ቀስ ማለት አትችልም ማለት ነው?»

ልታሾፍበት አልነበረም። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ጎሚስታውም መልሱን ፈልጎ እንደ ወንድሙ አብሮ ያሳደገውን የጀትን ፊት አየ። ትንሽ ሐፍረት ቢያገኝበት ሁሉንም ይቅር ሊለው ተዘጋጅቶ ነበር።

«ቀስ ማለት ለሽማግሌ ነው» አለ ጀት። ተፋ። ሞተሩን አነሳና ውኃው ከሱሪው እየተንጠባጠበ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ፣ አውራ ጎዳናው ውስጥ ተወረወረ። ጀሪካን አዝላ ልትሻገር እግሯን ያነሳች ሴት ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። የአውቶቡስ ፍሬን አለቀሰ። ጀት ዞሮም አላየ። ድምፁ ብቻ፣ ካለፈ በኋላ፣ ደረሰ።

ጎሚስታው ሮጦ ሴትየዋን አነሳት። ክርኗ ተልጧል እንጂ ደህና ናት። ጀሪካኑ ተሰንጥቆ ውኃው አስፋልቱን እያቋረጠ ይሄዳል። ሲመለስ ሚስቱ እንደቆመች አገኛት። ወንድሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንገዱ ዳር ሆና ነው ያየችው፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል።  የሚጣን ካልሲ ዝቅ አድርጋ ቁስሏን አተኩራ አየችው።

«በእግር ውሰዳት» አለች። «እጇን እንዳትለቅ።»

ጎሚስታው ኮምፕሬሰሩን አጠፋ። ሁለቱን ጎማዎች ግን ከተጋደሙበት አላነሳቸውም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ የሚጣን እጅ ያዘ፤ ራሱ በአስፋልቱ በኩል፣ ልጅቷ በሣሩ በኩል ሆኑ።

ከጀት ጓደኞች አንዱ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ከኋላቸው ጮኸ። «ጋሼ! የት ነው? የኔም ተንፍሷል እኮ፣ ንፋስ!»

ጎሚስታው አልዞረም። ባዶ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በአውራ ጣቱ ቦርዱን አመለከተ፣ ከዚያም ጎማዎቹን። መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሙ። አንድ ሞተር አለፈ፤ ሌላ አለፈ፤ የሚጣ ቀሚስ በንፋሳቸው ተገለበጠ። ጸጥ ሲል ተሻገሩ፤ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ ማዶ ደርሰው ከአጥሩ ጥግ እስኪታጠፉ ድረስ።