ሦስት ጣሪያ፣ አንድ ኢንቨርተር

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቢቸና ጎረቤቴ የሆነ ሰው በደብተር ቅጠል ላይ የሳለውን ይዞ መጣ። በመኖሪያ ቤቱና በጓሮ ባለው የዶሮ ቤት ጣሪያ ላይ የሶላር ፓኔል ሊያስተክል አስቧል፤ ሁሉንም በአንድ መስመር ቀጣጥሎ የፀሐዩን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚሆን ኤሌክትሪክ ወደሚያደርግ አንድ ኢንቨርተር ሊያስገባ። ሥዕሉ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ንጹሕ ነው። በሃያ አምስት ዓመቴ እኔም እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥዕል ሠርቼ ነበር።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሞጣ ውስጥ ሶላር በሚተክል ትንሽ ድርጅት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ውበት የሚባሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። በሞጣና በቢቸና መካከል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የመብራት መስመር ያልደረሰው አንድ ጤና ጣቢያ ነበርና እዚያ ሄጄ እንድተክል አዘዙኝ። ጤና ጣቢያው ሦስት የተራራቁ ቤቶች ነበሩት፦ ማዋለጃው፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ያለበት ቤትና የካርድ ክፍሉ።

«ቦታውን ሳታይ እቅዱን እንዳትጨርስ» አሉኝ ጋሽ ውበት። «ሦስት ትናንሽ ኢንቨርተሮች አሉ፤ አንድ ትልቅም አለ። አይተህ የሚሻለውን ትነግረኛለህ።»

«እሺ» አልኩና በዚያው ቀን ቢሮ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። የሦስቱን ጣሪያ ፓኔሎች በአንድ መስመር ቀጠልኩ፤ መሀል ላይ አንድ ትልቅ ኢንቨርተር አስቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ያምር ነበር። መኪናው ላይም ትልቁን ብቻ ጫንኩ።

የፍልሰታ ጾም ነበር። መንገዱ ጭቃ ስለነበር መኪናዋ እየቆመች፣ እኛም እየወረድን እየገፋን ከሰዓት በኋላ ደረስን። ስንደርስ የተቀቀለ ድንች ከስልጆ ጋር አቀረቡልን፤ እንደዚያ ቀን ድንች ጣፍጦኝ አያውቅም። ከበላሁ በኋላ ቀና ብዬ ጣሪያዎቹን አየሁ። የማዋለጃው ጣሪያ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ የካርድ ክፍሉ ወደ ምዕራብ። ማቀዝቀዣው ያለበት ቤት አጠገብ ደግሞ ትልቅ ዋንዛ ቆሟል፤ ጥላው የጣሪያውን ግማሽ ይሸፍናል። ፓኔሎች በአንድ መስመር ሲቀጣጠሉ ጥላ ያረፈበት የሌሎቹንም ጉልበት ይዞ እንደሚያስቀር ተምሬያለሁ። ነገር ግን ተመልሶ ሞጣ መሄድ፣ ጋሽ ውበት ፊት ቆሞ «ሳላይ ነው የሳልኩት» ማለት አሳፈረኝ። እንደ ሥዕሌ ተከልኩት።

ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን ዐሥር ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር። ኢንቨርተሩ ጮኸ፤ ቀጥሎ ጸጥ አለ። ባትሪዎቹ በእነዚያ ቀናት በቂ ኃይል ሳያገኙ ቀርተው ተሟጠዋል። ሦስቱም ቤቶች አንድ ላይ ጠፉ።

«መብራት!» የሚል ጩኸት ከማዋለጃው መጣ። አዋላጇ ሲስተር ራሕማ ነበሩ፤ ከደሴ ተመድበው የመጡ፣ አርባ የሚሆናቸው ሴት። የእጅ ባትሪዬን ይዤ ሮጥኩ። አንዲት ሴት ገና መውለዷ ነበር፤ እናቷ ነጠላቸውን እንደ መጋረጃ ዘርግተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ፊትህን አዙርና እጅህን ወደ ውስጥ ዘርጋ!» አሉኝ ሲስተር። «ልጁ የእንሽርት ውሃ ውጧል። ማሽኑ ቆመብኝ።»

ጀርባዬን ሰጥቼ በነጠላው ጎን እጄን ዘረጋሁ። የሕፃኑን አፍና አፍንጫ የሚያጸዳው ማሽን በኤሌክትሪክ ነበር የሚሠራው። ሲስተር በእጅ የሚጨመቀውን የጎማ መምጠጫ አንስተው ሲስቡ ድምፁ ይሰማኛል። የሕፃኑ ድምፅ ግን የለም። ባትሪውን ወደ ሌላው እጄ ላዛውር ስል «አታንቀሳቅሰው!» አሉኝ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ አንድ ቀጭን ሳል፣ ቀጥሎ ለቅሶ። የወላዷ እናት እልል አሉ።

ሲስተር እጃቸውን ታጥበው ወጡና ደጅ ላይ አገኙኝ።

«ሁሉም አንድ ላይ የጠፋው ለምንድነው?»

ነገርኳቸው።

«ስትስለው ይህ ክፍል ምን እንደሚሠራበት ጠይቀህ ነበር?»

«አልጠየቅሁም ሲስተር። የሳልኩት ሞጣ ሆኜ ነው።»

አልተቆጡኝም። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ቢቸና እናድርስ አሉ፤ ማግስቱን በማለዳ አንድ ጤና ረዳት በአይሱዙ ይዞት ሄደ። እኔም ሞጣ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ «ባትሪው ብልሽት ነበረበት» የሚለውን ስለማመድ ነበር። ጋሽ ውበትን ሻይ ቤት አገኘኋቸው። አፌን ስከፍት የወጣው ግን እውነቱ ሆነ።

«ሰው ተጎዳ?» አሉ።

«አልተጎዳም።»

«እንግዲያው ሻይህን ጠጣ፤ ሦስቱን ትናንሾች እንጭናለን።»

አብረውኝ መጡ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ፓኔል፣ የራሱ ባትሪ፣ የራሱ ኢንቨርተር ኖረው። ዋንዛው አጠገብ ላለው ቤት ፓኔሎቹን ከጣሪያ አውርደን ፀሐይ የሚያገኝ ሜዳ ላይ በእንጨት ቋሚ ተከልንለት። ሁለት ቀን ፈጀብን።

ሁለተኛው ቀን ላይ ወላዷ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል አጠገቤ ቆመች። «መብራት ያመጣህልን አንተ ነህ አሉ። እግዜር ብድርህን ይክፈልህ፤ ልጄን አተረፍክልኝ» አለችኝ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ «አሜን» አልኩ።

ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ለሲስተር ተናግሬያለሁ፤ ለጋሽ ውበትም ተናግሬያለሁ። ለእሷ ግን አልተናገርኩም። ያኔ ደስታዋን ላለማደፍረስ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ፈርቼ ነው። ልጁ ዛሬ እኔ ያኔ የነበርኩበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ስሙን እንኳን አልጠየቅኩም።