በዕድሩ ባኪ ላይ የገጠምኩት ቱርቦ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ኮሮና ጆሃንስበርግን ለሁለተኛ ዓመት ባመሳት ጊዜ፣ በዚያ ብርዱ አጥንት በሚሰብረው የዚህ አገር ክረምት ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ደስ ብሎኝ የማወራው ነገር አይደለም፤ ግን ካልጻፍኩት የሚያርፍልኝ አልመሰለኝም።

ፎርድስበርግና አካባቢው ያለን ኢትዮጵያውያን ዕድር አለን። አገር ቤት ዕድር ድንኳንና ወንበር እንዳለው ሁሉ፣ የእኛም ዕድር ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስትና አንዲት ነጭ ባኪ ነበረው። ባኪ እዚህ ፒክአፕ ማለት ነው። ኮሮና ሲመጣ ዕድሩ ሁለት የኦክስጅን ሲሊንደር ጨመረ። ሆስፒታሉ ሞልቶ ሰው በየቤቱ ሲወድቅ፣ ሲሊንደሮቹ ከታማሚ ወደ ታማሚ ይዞሩ ነበር።

አመላላሹ እኔ ነበርኩ። የባኪዋን ቁልፍ የሰጠኝ የዕድሩ ጸሐፊ ከማል ነው። «ተሼ፣ ይቺ መኪና የስንት ሰው ላብ ናት፤ አደራ» አለኝ። እኔም «እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛት» ብዬ ተቀበልኩ። አፌ እንኳ ለዚህ ለዚህ አይሰንፍም።

ባኪዋ ችግር አልነበረባትም። ቀርፋፋ ናት እንጂ ጤነኛ ነበረች። ዳገት ላይ የጭነት መኪና ሳይቀር ጥሩምባ እየነፋ ያልፈናል። የሠፈር ሰዎች «ዔሊዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ደግሞ መኪና የሚባል ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳብደኛል፤ ስቆባቸው ማለፍ ሲገባኝ ነገሩን ከልቤ ያዝኩት።

የልብስ ሱቄ በኮሮናው እገዳ ምክንያት ተዘግቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ? እኔም ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ ተራ ሞተርን በትንሽ ወጪ እንዴት ቱርቦ መግጠም እንደሚቻል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሳይ ዋልኩ። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያጎርስ ዕቃ ነው። አየሩ ሲጨምር ጉልበቱም ይጨምራል።

ለማንም ሳልናገር ከተገለበጠ ናፍጣ መኪና ላይ የተነቀለ አሮጌ ቱርቦ ከቁርጥራጭ ሻጮች አገኘሁ። ቱቦውን ከአንዱ፣ ማሰሪያውን ከሌላው ለቃቀምኩ። በጓሮው የሚሠራ አንድ የዚምባብዌ መካኒክ በብየዳ ገጣጠመልኝ። ሰውየው ሐቀኛ ነበር። «ስማ፣ አየር የጨመርክለት ሞተር ነዳጅም ይጨመርለታል። አለዚያ ግሎ ፒስተኑን ያቀልጠዋል። እኔ ነዳጁን እስካስተካክልልህ ድረስ እንዳትረግጠው» አለኝ። ነዳጁን የሚያስተካክልበት ዕቃ ውድ ስለነበረ «ቀስ ብሎ ይደርሳል» ብዬ ተውኩት። የሰው መኪና መሆኑን ረስቼ እኮ አይደለም፤ እያወቅኩ ነው።

በማግስቱ እሁድ ረፋድ ላይ ከማል ደወለ። ከከተማው ዳር ዲፕስሉት የሚባል ሠፈር ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ሸምሱ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። «ሲሊንደሩን ይዘህ ብረር፣ እኔ እዚያው እጠብቅሃለሁ» አለኝ። ጋሽ ሸምሱን የማያውቅ አበሻ የለም። አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያድረው እሱ ሱቅ ውስጥ ነው። እኔም አድሬያለሁ።

ሲሊንደሩን ጫንኩ። የሲሊንደሩን መክፈቻና የመተንፈሻ ጭምብሉን በፌስታል አድርጌ ጋቢና አስቀመጥኩ። ታዲያ ወዲያው መንቀሳቀስ ሲገባኝ፣ እነዚያ ዔሊ የሚሉኝ ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ቆምኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ቱርቦውን አሳየኋቸው። ሞተሩን እያስጮህኩ «አሁንስ ዔሊ ናት?» እላለሁ። እዚያው ቆሜ አንድ ሰዓት ሊሞላኝ ምንም አልቀረም። በሆዴ፣ ቱርቦ አለኝ፣ ጊዜውን መንገድ ላይ አካክሰዋለሁ እላለሁ። ወይ ጉድ!

አውራ ጎዳናው ላይ ስወጣ ረገጥኩት። እውነቴን ነው፣ ባኪዋ በረረች። አንዱን ዳገት ስትወጣ ሦስት መኪና አለፍኩ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፤ የሰው ነፍስ ከኋላ ጭኜ እኔ በደስታ እስቃለሁ። ሁለተኛው ዳገት ላይ ሞተሩ መዶሻ እንደሚመታው ብረት ኳ ኳ ማለት ጀመረ። ከዚያ ከማርሚታው ነጭ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ሸፈነው። ዳር ሳልይዝ ሞተሩ ጸጥ አለ።

ስልኬ በላይ በላዩ ይጠራል። ከማል ነው። ማንሳት ፈራሁ። እጄን እያውለበለብኩ መንገድ ዳር ቆምኩ፤ በዚያ ጊዜ ግን ማንም ለማንም አይቆምም። ስንት መኪና እንዳለፈኝ አልቆጠርኩም። ለሞተር አየር ልጨምር ብዬ ለሰው የሚሄደውን አየር መንገድ ላይ አስቀረሁት ብዬ አለቀስኩ፤ ይኸው ነው።

በመጨረሻ የቆመልኝ ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ ታክሲ ነበር። ሾፌሩ አምሳ ዓመት የሚሆነው ዙሉ ነው፤ ዱሚሳኒ እባላለሁ አለኝ። ሲሊንደሩን አየና ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ተሳፋሪዎቹን ወደ ዳር አስጠጋ፤ እኔም ፌስታሉን ከጋቢና አንስቼ ገባሁ። አንዲት እናት ሲሊንደሩ እንዳይንከባለል በእግራቸው ደግፈው ያዙት። ዲፕስሉት ስንገባ መንገዱ ለታክሲው ጠበበ። ዱሚሳኒ ወርዶ ሲሊንደሩን በትከሻው ተሸክሞ እስከ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ በር አደረሰልኝና፣ ተሳፋሪዎቹ ስለሚጠብቁት እየሮጠ ተመለሰ። አመሰግናለሁ ማለቴን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከማል የብረቱን ፍርግርግ ሲከፍት ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «የት ነበርክ? መኪናዋስ?» አለኝ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «የታክሲ ሾፌሮች ናቸው። ሊዘርፉኝ አባረሩኝ። ስሸሽ ሞተሩ ተቃጠለ፤ በሰው መኪና ነው የደረስኩት» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከማል አንዴም አልተጠራጠረኝም። እኛ በየሱቃችን ስንት ጊዜ ተዘርፈናል፤ እንዲህ ያለ ወሬ ማስረጃ አይጠየቅበትም።

«አላህ እንኳን አተረፈህ» ብሎ ሲሊንደሩን ወደ ውስጥ ጎተተ።

ጋሽ ሸምሱ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ በትራስ ላይ ትራስ ተደርጎለት ተቀምጧል። ትከሻው ከትንፋሹ ጋር ወደ ላይ ይዘላል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ባለቤቱ እትዬ ዘይነባ ጀርባውን ይዛ ዱዓ ታደርጋለች። ከማል «መክፈቻውን አምጣ» አለኝ። እጄን አየሁት፤ ባዶ ነው። ፌስታሉን ታክሲው ውስጥ ረስቼዋለሁ።

ከማል በፒንሳ ሞከረ፤ አልተንቀሳቀሰም። በጨርቅ ይዞ ሞከረ፤ እጁን ቆረጠው። ኦክስጅኑ እዚያው አጠገባችን ነው፣ ጋሽ ሸምሱ ግን አየር አጥቶ ዓይኑ ይንከራተታል።

በዚህ መሀል የብረቱ በር ተንኳኳ። ከማል ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት። ዱሚሳኒ ነበር። ታክሲውን ጥግ ላይ አቁሞ፣ ፌስታሉን ከፍ አድርጎ ይዞ በዙሉኛ ይናገራል። ከማል ዙሉኛው ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም። የታክሲ ሾፌር መሆኑን እንዳየ ወደ እኔ ዞረ።

«ካባረሩህ አንዱ ይሄ ነው?»

ዓይኔ ፌስታሉ ላይ ቀረ።

«ተሼ! እሱ ነው ወይ?»

«እሱ ነው ያደረሰኝ» ብል ቱርቦው ሊወጣ ነው፣ አደራ በላነቴ ሊወጣ ነው። መሬቱን አየሁ። ከማል ዝምታዬን አዎ ብሎ ወሰደው። «ሀምባ! ሂድ! ሌባ!» እያለ ጮኸ፤ የበሩን መወርወሪያ ብረት አነሳ። ዱሚሳኒ በከማል ትከሻ በላይ እኔን አየኝ። እንድናገር የጠበቀኝ ይመስለኛል። እኔ አልተናገርኩም። እሱ ፌስታሉን ፍርግርጉ ላይ ሰቀለ፣ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄደ።

ፌስታሉን የወሰደችው እትዬ ዘይነባ ናት። ጩኸቱን ሰምታ መጥታ፣ ከማልን ገፍታ መነጨቀችው። መክፈቻው ገባ፣ አየሩ ሽው አለ። ያ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

አመሻሹ ላይ የጋሽ ሸምሱ ከንፈር ቀለሙ ተመለሰ። መክፈቻው እንዴት ሌባ እጅ እንደገባ የጠየቀኝ የለም፤ ሲያባርሩኝ የወደቀብኝ ነው ብለው ራሳቸው ጨረሱልኝ። ከማል ከዕድሩ ሽማግሌዎች ጋር በስልክ አገናኘኝና ድምፁን ከፍ አደረገው። ሰብሰብ ማለት በተከለከለበት ጊዜ ምርቃትም በስልክ ነበር። «ለወገኑ ነፍሱን የሰጠ ልጅ፣ ክፉ አይንካህ፣ እድሜህ ይርዘም!» ይላሉ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ለእያንዳንዱ አሜን አልኩ። በማግስቱ ማንም ሳያይ ቱርቦውን ከተቃጠለው ሞተር ላይ ፈትቼ ጣልኩት።

ጋሽ ሸምሱ ተሽሎት ባንኮኒው ጀርባ መቀመጥ ከጀመረ በኋላ ልጠይቀው ሄድኩ። ከማልን ዳቦ እንዲያመጣ ልኮ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ተሼ፣ እዚህ ባንኮኒ ጀርባ ሃያ ዓመት ስቆም ዙሉኛ ሳላውቅ የቀረሁ መሰለህ? ያ ሰውዬ በር ላይ ምን እንዳለ ልንገርህ? ‹ያመጣሁት ወንድማችሁ ታክሲዬ ውስጥ ረስቶት ነው፤ ለታመመው ቶሎ ስጡት› ነው ያለው። ከአልጋዬ እሰማው ነበር። ሌባ አይደለም ብዬ እንዳልጮህ ትንፋሽ አልነበረኝም። አንተ ግን ነበረህ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። «እኔን ተወኝ፣ እኔ ድኛለሁ። ያንን ሰውዬ ፈልገው» አለኝ።

ለዕድሩ ሁሉንም ተናገርኩ። ቁልፉን ነጠቁኝ፤ ደግ አደረጉ። ሞተሩን በሌላ አሮጌ ሞተር የቀየርኩት እኔ ነኝ። ከማል ለብዙ ጊዜ ሰላም አላለኝም፤ ዛሬም ቢሆን ሰላምታው ከአንገት በላይ ነው።

ዱሚሳኒን ታክሲ ተራው ላይ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ቱርቦውም፣ ስለ ውሸቱም። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ «ሽማግሌው ተረፈ?» አለ። ተርፏል አልኩት። «ጥሩ» አለና መስኮቱን ዘጋ። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለኝም፣ አልሰደበኝምም። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ!

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በቅርቡ ፎርድስበርግ ምሳ ስበላ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ሰው ለጓደኛው ወሬ ያወራል። በኮሮና ጊዜ ኦክስጅን የጫነ አበሻን የታክሲ ሾፌሮች ሽጉጥ ይዘው አባረውት ነበር ይላል። ሽጉጡ ከየት እንደተጨመረ እንጃ። «ለዚህ ነው ታክሲያቸው ውስጥ የማልገባው» አለ።

ጎንበስ ብዬ «ወንድሜ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። ያባረረኝ የለም። የታክሲ ሾፌር ነው የረዳኝ፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት» አልኩት። ሰውየው በሐዘኔታ አየኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «አይዞህ፣ ገብቶኛል። እነሱ መሀል እየኖርክ ሌላ ምን ልትል ትችላለህ?» አለኝ።

ምሳዬን ትቼ ወጣሁ።

ውሸቴን ያለ ማስረጃ የተቀበሉኝ ሰዎች እውነቱን ስነግራቸው ማስረጃ ይፈልጋሉ። በሰማሁበት ቦታ ሁሉ እያስተባበልኩ እኖራለሁ፤ አሁን ደግሞ ለእናንተ ጻፍኩት። ማንም አላባረረኝም። ዱሚሳኒ የሚባል የታክሲ ሾፌር ነው ያደረሰኝ።