ከድንቢጥ ጆሮ ጀርባ

ፀጉር ሠሪዋ ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች። ቁመቷ አልጨምር ስላለ ሰፈሩ ሁሉ «ድንቢጥ» ይላታል። ከትምህርት ቤት መልስ እናቷ ሱቅ ገብታ ፀጉር የሚጠቀለልበትን ቢጎዲን በየመጠኑ ትለያለች፤ መሬት ላይ የወደቀውን ፀጉር ትጠርጋለች። ወሬኛ ስለነበረች ደንበኞቹ ይወዷታል።

ሰባት ዓመቷን ስትይዝ ግን ነገር ሁሉ ሁለቴ ካልተነገራት የማይገባት ሆነች። «ፎጣ አቀብዪኝ» ስትባል ማበጠሪያ ታመጣለች። አስተማሪዋ «ልጅዎ አታዳምጥም» ብላ ላከች። አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ ደግሞ ምክንያቱን ለመናገር አልተቸገረችም፦

«ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነው እንጂ! አሞላቃችኋት፣ እንግዲህ ቻሉት።»

አንድ ቅዳሜ ሱቁ በሰው ጢም ብሏል። ምድጃው ላይ የተጣደው ውሃ ገነፈለ። እናት «አውርጂው!» ብላ ደጋግማ ብትጮህ ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ መጥረጓን ቀጠለች። እናት ብልጭ አለባትና በጥፊ አለቻት።

«እማዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ነገር አላሰማ ብሎኝ እኮ ነው!»

«የምን ነገር?»

«ሹ... ሹ... ይላል። ስሮጥ እሱም ይሮጣል።»

አንዲት ደንበኛ «ፀጉር ማድረቂያሽን ውጣው ይሆናላ!» ብላ ሱቁን በሳቅ ሞላችው። እናትም ሳቀች። ድንቢጥ ጉንጯን ይዛ አየቻቸው።

ክሊኒክ ወሰዷት። ኩክ ነው ተብሎ ጆሮዋ ታጠበ፤ በሌላ ጊዜ ጠብታ ታዘዘላት። ለውጥ የለም። ሹፌሩ አባቷ «ልጅ ነች፣ ያልፍላታል» አለ። እናትም ማመን ስለፈለገች አመነችው፤ ወራት እንዲሁ ነጎዱ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናት የልጇን ፀጉር ስታጥብ፣ ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ ጣቷ ቀጥ አለ። ከቆዳው ሥር የሚነዝር ነገር አለ፤ ጭን ላይ የተኛች ድመት እንደምትነዝረው ያለ። የግራውን ነካች፤ ጸጥ ያለ ነው። ወደ ቀኙ ተመለሰች፤ ይነዝራል። አረፋውን እንኳ ሳትጠርግ የራሷን ጆሮ ለጠፈችበት። ሹ... ሹ... ሹ... ልጅቷ እውነቷን ነበር። እናት ያንን የመታችበትን እጇን ጠላችው።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሐኪም የልብ ማዳመጫውን ከድንቢጥ ጆሮ ጀርባ አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«የምትሰማው የራሷን ደም ነው» አላት እናትየዋን። «ከልብ ደም የሚያመጣው ሥርና ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር፣ መሀላቸው መኖር የነበረባቸው ቀጫጭን ሥሮች ሳይኖሩ፣ በቀጥታ ተገጣጥመዋል። ደሙ በልቧ ምት ልክ በኃይል ይጋልብበታል። ለውስጠኛው ጆሮ መድረስ ያለበትንም ይሻማዋል።»

«ይድናል፣ ዶክተር?»

«ሥሩን መድፈን ይቻላል፤ መደፈንም አለበት፤ አለዚያ አንጎሏ ውስጥ ሊደማ ይችላል። የጠፋውን መስማት ግን አልመልስላችሁም። ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬም አልምልም።»

እሷ የሰማችው «መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ብቻ ነበር።

በልጅቷ ጭን የደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ጆሮዋ ጀርባ አስገብተው የተገጣጠመውን ሥር ደፈኑት። ድንቢጥ ስትነቃ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች፤ ዓይኗ ፈጠጠ።

«እማዬ፣ ልቤ ቆመ እንዴ?»

«ኧረ የኔ እናት! ለምን ይቆማል?»

«ሹ የሚለው የለማ። ዶክተሩ የልብሽ ምት ነው ብሎኝ ነበር።»

እናት ትንሿን እጅ ወስዳ ደረቷ ላይ አሳረፈችላት። «ይኸው፣ ይመታል።»

«አልሰማውም እኮ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ቀኝ ጆሮዋ እንደደነቆረ ቀረ። አባቷ «ያልፍላታል» ማለት ተወ። አክስቷ ልትጠይቃት መጥታ በጩኸት ስታናግራት፣ ድንቢጥ «አክስቴ፣ አንዱ ይሰማል እኮ፤ እሱንም አያደንቁሩብኝ» አለቻት። አክስቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ አይለይም፤ ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም። አንድ ቀን ድንቢጥ መንገድ ስታቋርጥ የሞተር ብስክሌት ጥሩንባ ሰማችና ወደ ግራ ዞረች። ሞተሩ በቀኝ ነበር። ገጫትና ክንዷ ተሰበረ።

ከዚያ ወዲህ ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም ሱቋን ዘግታ ከትምህርት ቤት በር ላይ ትጠብቃታለች።

«እማዬ፣ ልቀቂኝ፤ ጓደኞቼ ያዩኛል» ትላታለች ልጅቷ፣ እጇን እየጎተተች።

እናት አትለቅም። በቀኟ በኩል ሆና፣ መኪናውን እያየች፣ ታሻግራታለች።